በካውያ የተተኮሰ ወለል

ጎንደር ተመልሼ ከገባሁ በኋላ ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይልቅ ያደክመኝ ነበር። «ምንድን ነው የምትሠራው?» ይሉኛል። «የጋራዥ ወለል እቀባለሁ» እላለሁ። ጠያቂው ወይ ያዝንልኛል፣ ወይ ወሬውን ይለውጣል። ከኮሶዬ ለገበያ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን ሐዘናቸውን አልደበቁም። «ምነው ልጄ፣ ግድግዳው አለቀ?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ሲናቅ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። እዚያው መንገድ ዳር አቁሜ ሙሉ ትምህርት ሰጠኋቸው። ሰባት ዓመት ጅቡቲ መኖሬን፣ እዚያ ባሕሩ ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሲሚንቶው ከሥር እንደሚያልበው፣ ጋራዥ ውስጥ የቆመ ማኪና ሲንቀሳቀስ ተራውን ቀለም በጎማው ልጦ ይዞት እንደሚወጣ ነገርኳቸው። እኛ ግን ወለሉን በማሽን እንፍቃለን፤ ኢፖክሲ የሚባለውን ቀለም ከማጠንከሪያው ጋር ቀላቅለን እንቀባዋለን፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ዘይት አይጠጣም፣ አቧራ አያነሣም። አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ እሱም ከሥር የሚመጣ እርጥበት ነው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እየገፋ ያሳብጠዋል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ሸጋ ነው» ብለው አህያቸውን ነድተው ሄዱ። እንዳላመኑኝ ከጀርባቸው ያስታውቅ ነበር።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ቁስቋም ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት መርፌ ክፍል ስለሠሩ፣ ከእኔ ዕድሜ በላይ ያለውም ከታች ያለውም የሰፈር ሰው መቀመጫው ያውቃቸዋል። የወረዳ ባለሥልጣን ሆኖ በዘበኛ የሚጠበቅ ሰው እንኳ ሲስተርን መንገድ ላይ ሲያገኝ ሳያስበው እጁን ወደ ኋላ ይልካል። እኔም ስልኩ ውስጥ ድምፃቸውን ስሰማ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ወለል ቀቢው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። እንዳትዘገይ።»

አልዘገየሁም። የሲስተር ቤት ቁልቁለቱ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ የጋራዡ የኋላ ግድግዳ ከተራራው አፈር ጋር ተደግፏል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ማኪናው ተሸጧል። ጋራዡ ግን የቤቱ ሰፊ ክፍል ስለሆነ የማርያም ማኅበር ተራቸው ሲደርስ የሚደግሱት እዚያ ነው። ከውጭው በር ወደ ሳሎን የሚገባውም በእሱ በኩል ብቻ ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ በክረምት ይወዛል። ሲስተር ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እዚያው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። መስከረም ገብቶም እጃቸው እንደታሰረ ነበር፤ ጣቶቻቸው ብቻ ከፋሻው ወጥተው ያዛሉ።

«አንድ ልጅ አለኝ» አሉኝ በርጩማ ላይ አስቀምጠውኝ። «አዲስ አበባ የሕንፃ መሐንዲስ ነው። ከወደቅሁ በኋላ ሦስት ገጽ ጽፎ ላከልኝ። ስለ እርጥበት፣ ስለ መሠረት፣ ስለ ሲሚንቶ። በመስከረም ሃያ አንድ፣ ለማርያም፣ ይመጣል። ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እዚህ ነው። ያን ቀን ይህ ወለል እንዲህ ሆኖ ካገኘው ቤቱን ቆልፎ ይወስደኛል።»

«አዲስ አበባ መቼም…» ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ።

«አራተኛ ፎቅ! ሊፍቱ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ያርፋል። እዚህ ሳስነጥስ ከአራት ቤት ‹ይማርሽ› ይሉኛል። እዚያ ማን ይለኛል? አልሄድም። ይህን ወለል ሥራልኝ።»

ወጣት ሆኜ፣ ከሰው አገር ሙያ ይዤ መጥቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ደረቴ ባይነፋ ኖሮ ጎንደሬ አልነበርኩም። «ሲስተር፣ ይህ ወለል ልጅዎን አፉን ያስይዘዋል» አልኳቸው።

ግን የጅቡቲው አለቃዬ ያስተማረኝን አልዘለልኩም። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ላስቲክ ቆርጬ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ አየር እንዳያስገባ ዙሪያውን ለጠፍኩት። የእኔ ፕላስተር መንገድ ላይ ስላለቀ ሲስተር የሐኪም ቤቱን ፕላስተር አመጡልኝ። ከዚያ አስረዳኋቸው። ነገ በዚህ ሰዓት ላስቲኩን እናነሣለን፤ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ካለ ወለሉ ከውስጥ እርጥብ ነው፣ አይቀባም ማለት ነው።

«እርጥብ ከሆነስ?»

«እስኪደርቅ እንጠብቃለን። እስከ ኅዳር።»

«እስከ ኅዳር?»

«ከኅዳር በፊት ብሩሽ አላነሣም፣ ሲስተር። ሙያ ሙያ ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ባልጨምር ኖሮ የሆነው ሁሉ ላይሆን ይችል ነበር።

በማግሥቱ ላስቲኩን ስገልጠው አንዲት ጠብታ የለም። ወለሉ ቆሎ የሚቆላበት ብረት ምጣድ ይመስል ደርቋል። እንዲያውም ፕላስተሩ እኔ ከለጠፍኩት ይበልጥ ቀጥ ብሎ፣ ማዕዘኖቹ እጥፍጥፍ ብለው አየኋቸውና «እጄ እየተሻሻለ ነው» ብዬ በራሴ ተደሰትኩ። ሲስተር በሩ ላይ ቆመው ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ያያሉ። ወደ እኔ አልዞሩም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። መፋቂያ ማሽኑን ሳስነሣ የወጣው አቧራ ከሦስት ግቢ የተሰጣ ልብስ አስወረደ፤ ሦስት ሴቶች በአጥር ላይ ሰደቡኝ፤ ሲስተር ወጥተው አንድ ጊዜ ሲያዩአቸው ዝም አሉ። በቀለሙ ላይ ተጣላን። እኔ ግራጫ አልኩ፤ እሳቸው የሐኪም ቤት ኮሪደር ዓይነት አረንጓዴ አሉ። «ሠላሳ ዓመት ያልወደቅሁበት ወለል አረንጓዴ ነበር» ብለው ዘጉት። በአሸዋው ላይም ተጣላን። እንዳያዳልጥ ደቃቅ አሸዋ እርጥቡ ቀለም ላይ ይበተናል፤ እኔ ግን ሰው ፊቱን የሚያይበት መስታወት ሠርቼ አገር ማስደመም ፈልጌ ነበር። «መስታወት ላይ የሚሄድ ዝንብ ነው። በትን» አሉኝ። በተንኩ።

ኢፖክሲ ከማጠንከሪያው ጋር ከተቀላቀለ ጊዜ አይሰጥም፤ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተቀባ ባልዲው ውስጥ ይሞቅና ደርቆ ይቀራል። ይህን በመናገሬም ተጸጸትኩ። ሲስተር የሳሎኑ በር ላይ ቆመው፣ ሰዓታቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ የበሽተኛ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው ይቆጥሩብኝ ጀመር። «አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈህ። ጥጉን ረስተሃል። አሥራ አራት። ወገብህን አትያዝ፣ ገና ልጅ ነህ።» ሮሎውን እየገፋሁ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስል በመጨረሻ በውጭው በር ወጣሁ። ላቤ ከወለሉ ላብ ይበልጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሲስተር እስኪደርቅ ከታገቱበት ሳሎን ጫማቸውን አውልቀው ወጡና ወለሉን ተራመዱበት። ከዳር እዳር ሄደው ተመለሱ። «ሸጋ ነው» አሉ። ፎቶ አንሥቼ ጅቡቲ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክኩ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። አለቃዬ ብቻ «ላስቲክ ዘርግተህ ነበር?» ብሎ ጻፈልኝ። «እንዴታ!» ብዬ መለስኩለት፤ ቅናት ነው ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

መስከረም አሥራ ዘጠኝና ሃያ ዘነበ። ክረምት ወጣ ተብሎ ሰው ብርድ ልብሱን አጥቦ ካሰጣ በኋላ የሚመጣው፣ ሰውን እልህ የሚያስገባው ዝናብ። ሃያ አንድ ጠዋት ገና ልብሴን ሳልለብስ ስልኬ ጮኸ። «ና» አሉኝ ሲስተር። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሮጬ ጋራዡ በር ላይ ደረስኩ። አረንጓዴው ወለል ከዳር እስከ ዳር አብጧል። አንዳንዱ እብጠት ሳንቲም ያክላል፣ አንዳንዱ የተደፋ ሲኒ። በተለይ በተራራው በኩል ያለው ግማሽ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ሆኗል። ቀለሙን ሰደብኩ፤ ፋብሪካውን ሰደብኩ፤ ዝናቡንም ልሰድብ አፌን ከፍቼ የማርያም ቀን መሆኑን አስታውሼ ተውኩት። «ደረቅ ነበር እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ! አንዲት ጠብታ አልነበረም!»

ሲስተር ጎንበስ ብለው አንዱን እብጠት በጣታቸው ነኩ።

«ላስቲኩን አንሥቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጎህ ሲቀድ አየሁት፤ ከሥሩ ውሃ ሞልቷል። በፎጣ ጠረግሁት። እንደገና ወዛ። ከዚያ…»

«ከዚያስ?»

«ተኮስኩት።»

«ምን አደረጉት?»

«በካውያ። የነጠላ መተኮሻው። ደረቅ እስኪል ተኮስኩትና ላስቲኩን መልሼ ለጠፍኩት።»

ልስቅ ይሁን ልጮህ አላወቅሁም። መጮኹ ቀደመኝ። «ሲስተር! ቴርሞሜትሩን አራግፈው ‹ትኩሳት የለውም› አሉኝ እኮ!»

ይህን ባልል ይሻል ነበር። ፊታቸው ባንድ ጊዜ አረጀ። በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና የታሰረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ፈራሁ» አሉ። «እስከ ኅዳር ስትል ፈራሁ። እሱ እስከ ኅዳር አይጠብቀኝም። ከዚህ ቤት ከወጣሁ እንደማልመለስ አውቃለሁ፣ ልጄ።» መርፌ ይዘው አገር ያስፈሩ ሴት ፈራሁ ሲሉኝ ንዴቴ ሁሉ ተነነ። የቀረልኝ እፍረት ነው። የእኔ እጅ እንዲያ ቀጥ ያለ ፕላስተር ለጥፎ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ ግን ሥራውን ስለፈለግኩት ጥርጣሬዬን በሙገሳ ሸፈንኩት። ሁለታችንም ወለሉን አታለናል።

ሲስተር ግን ተቀምጠው አልቀሩም። ድንገት ብድግ አሉ። «ቄጠማ!»

«ምን?»

«ቄጠማ እንጎዝጉዝበት። በማርያም ቀን ቄጠማ ለምን ተጎዘጎዘ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።»

በእውነቱ ከሆነ ተንኮሉ ጥርት ያለ ስለነበረ አደነቅኳቸው። ቄጠማ የሚያመጡላቸው የማኅበራቸው አባል የሆኑ የኮሶዬ ሰው ናቸው። ስልክ ደውለው አንድ ሸክም የነበረውን ሦስት አስደረጉት። ሰውዬው ከአህያቸው ጋር ሲደርሱ ወዲያው አወቅኋቸው፤ ግድግዳው አለቀ ወይ ያሉኝ ሽማግሌ ናቸው።

«ምነው ሲስተር፣ ላም ልታስገቢ ነው?» አሉ ሸክሙን እያወረዱ።

«ዝም ብለህ አውርድ።»

«አያ፣ ዛሬ በዓሉ ትልቅ ስለሆነ ነው» አልኩ እኔ። አያ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ግድግዳውን ዳሰስ አድርገው ቄጠማውን መበተን ጀመሩ። ቁርጭምጭሚት እስኪውጥ ጎዘጎዝነው። ቀና ብለን ስናየው ጋራዡ ሜዳ መስሏል፤ አንድም እብጠት አይታይም። ሲስተር ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔም ተንፈስ አልኩ።

ዓይንን ነበር ያታለልነው። ጆሮን ግን አላሰብነውም።

ልጃቸው ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ መጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው። ጋራዡ ውስጥ አንድ እግሩን አሳረፈ። ቀጭ! ሁለተኛውን አሳረፈ። ቀጭ! ቆመ። ሲስተር «እንኳን ደህና መጣህ!» ብለው በዚያ ሰፈር ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ ጮኹና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ሲተቃቀፉ ከሥራቸው ሦስት ጊዜ ቀጭ አለ።

ማኅበርተኛው መግባት ጀመረ። እያንዳንዷ ሴት ስትገባ ወለሉ ይሰበራል፤ እያንዳንዷ ቆም ብላ የጫማዋን ሥር ታያለች፤ ሲስተር እያንዳንዷን በጩኸት ይቀበላሉ። እኔ ከዳቦው ሙዳይ ጀርባ ተሸሽጌ ላብ አጠመቀኝ። አያ ብቻ ነገሩ ጥሟቸዋል፤ ያልተሰበረ ቦታ እየፈለጉ በተረከዛቸው ጫን ይላሉ። «ሸጋ ወለል ነው፣ ይመልስልሃል» አሉኝ ቀስ ብለው።

ለጸሎት ሲነሣ ባሰ። ሃያ ሰው ቆሞ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ሲያዛውር ጋራዡ ውስጥ በቆሎ የሚፈነዳ ይመስል ነበር። የማኅበሩ ቄስ መምሬ አቡነ ዘበሰማያትን ሲያደርሱ፣ ልክ ወደ ፈተና አታግባን የሚለው ጋ ሲደርሱ፣ ከራሳቸው እግር ሥር ትልቁ ፈነዳ። ወደ ታች አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጨረሱ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

አሜን እንደተባለ ልጁ ተንበረከከ። ቄጠማውን በእጁ ገለጥ አደረገ። ያልፈነዳ አንድ እብጠት አግኝቶ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ቅርፊቱ ተሰብሮ ውሃ ወጣ። ጣቱን እያየ «ይህን የሠራው ማን ነው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ሲስተር ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ» አሉ፤ በማኅበሩ ሁሉ ፊት፣ መምሬ ባሉበት፣ ላስቲኩንም ፎጣውንም ካውያውንም አንድ በአንድ ተናገሩ። እኔም «ፕላስተሩን አይቼ ጠርጥሬ ነበር፣ ዝም አልኩ» አልኩ።

«እማዬ፣ ወለል ተኮስሽ?» አለ ልጁ። ጥጉ ላይ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ልጁ ግን አልሳቀም። «በየትኛው እጅሽ?»

«በግራው።»

«ተንበርክከሽ?»

«ታዲያ ቆሜ እንዴት ይተኮሳል?»

ልጁ ከተንበረከከበት አልተነሣም። የተወለወለ ጫማው ላይ ቄጠማ ተለጥፏል። «እማዬ፣ ወለሉን አይደለም እኮ የምፈራው» አለ። «ከጎንደር የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ወዲያው አላነሣውም። መጀመሪያ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። በነሐሴም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ተቀምጬ ነው ያነሣሁት።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ወለሉም ዝም አለ። ሲስተር ጎንበስ ብለው ከጫማው ላይ ቄጠማውን አነሡ።

«ይህን ለምን አልጻፍክልኝም?» አሉት። «ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሲሚንቶ ከምትለፈልፍ፣ ይህችን አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?»

ልጁ እርጥብ ጣቱን በቄጠማው ጠረገ። ሲስተር ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ይህ ወለል የሚብስበት ወር መቼ ነው?»

«ሐምሌና ነሐሴ፣ ሲስተር።»

«የሚደርቀውስ?»

«ከኅዳር እስከ ግንቦት። በኅዳር መጥቼ ሁሉንም ፍቄ፣ ከሥር እርጥበት የሚያግድ ደርቤ፣ እንደገና እቀባዋለሁ። በነፃ።» ይህን ያልኩት ቸር ስለሆንኩ አልነበረም፤ አያ እያዩኝ ስለነበረ ነው።

«ሰማህ?» አሉ ሲስተር ወደ ልጃቸው። «ሐምሌና ነሐሴን አንተ ጋ እመጣለሁ። መስከረም ሲጠባ መልሰህ ታመጣኛለህ። የቀረው የቁስቋም ነው።»

ልጁ ቀና አለ። አገር የሚያክል ሕንፃ የሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ «ሰኔንስ?» አለ፣ ከረሜላ እንደሚለምን ሕፃን።

«ሰኔን አስብበታለሁ።»

ያን ጊዜ ተነሥቶ ፊቱን በተራራው በኩል ወዳለው ግድግዳ አዞረና እንባውን በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። ማኅበርተኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሥራ አገኘ። መምሬ የመስቀላቸውን ጨርቅ መጠቅለል ያዙ፤ ሴቶቹ የተቆረሰውን ዳቦ እንደገና ቆረሱት፤ አያ ስለ ባቄላ ዋጋ ከራሳቸው ጋር ማውራት ጀመሩ። አንድም ሰው ወደ ግድግዳው አላየም። እኔም ጎንበስ ብዬ የተሰበረውን ቀለም በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።